መሪው ለምን ይንቀጠቀጣል?

«በሁለት ቀን ይገጠማል» ይላል ማስታወቂያው። ምኑ ነው በሁለት ቀን የሚገጠመው? ብረቱ? ወይስ የመኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ? ብረት በቡሎን ማሰር አንድ ሥራ ነው። አስፋልት ላይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና መሪው እጅ ውስጥ ጸጥ ብሎ እንዲቀመጥ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው። ሻጮቹ የሚሸጡት የትኛውን ነው? ገዢውስ የትኛውን የገዛ መስሎት ነው ገንዘቡን የቆጠረው?

ጉዳዩ የጋሰር ጉዳይ ነው። አሜሪካውያን ጋሰር የሚሉት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በ402 ሜትር ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ ይሽቀዳደም የነበረውን፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳውን አሮጌ የቤት መኪና ነው። ስሙ የመጣው ከነዳጁ ነው፤ ልዩ የውድድር ነዳጅ ሳይሆን ቤንዚን የሚያቃጥሉ መኪኖች የሚሰለፉበት ምድብ ነበር። ዛሬ ያ መልክ እንደገና ተወዷል። መልኩን የሚሰጠው ዋናው ነገር ከፊት የሚገባው ድፍን አክስል ነው፤ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ የሚዘልቅ አንድ ወጥ ብረት፣ በሁለት ባሌስትራ ከሻንሲው ጋር የተያያዘ። አይሱዙ የነዳ ወይም የድሮ ላንድክሩዘር የነበረው ሰው አይቶ ያውቀዋል። ምንም የተሰወረ ነገር የለውም። ታዲያ ስለ እሱ ለምን ግማሹ ብቻ ይነገራል?

ባለፈው ዓመት ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ወዳጄ በ1955 ሼቭሮሌው አሳፍሮኝ ነበር። አክስሉን የገጠመለትን ጋራዥ ስም አልጠራም፤ የዚያ ጋራዥ ጉዳይ ብቻ አይደለምና። ድልድይ ላይ ደረስን። ከፊታችን ያለው መኪና ሲያዘግም ወዳጄ ፍሬኑን ነካ አደረገው። በዚያው ቅጽበት የፊት ጎማዎቹ የድልድዩን መጋጠሚያ ረገጡ። መሪው ከእጁ ሊያመልጥ ደረሰ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ ዓይን ከሚከተለው በላይ ፈጠነ። አፍንጫው በሙሉ ተርገፈገፈ። መኪናው ጨርሶ እስኪቆም ድረስ አልተወንም። ከኋላችን የነበረው የጭነት መኪና ሾፌር ርቀቱን የጠበቀ ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሁለታችንም አልተነጋገርንም። ወዳጄ ቆየት ብሎ «የተለመደ ነው ብለውኛል» አለ።

የተለመደ? በማን ዘንድ? ለአሽከርካሪው? ከኋላ ለሚመጣው? መንገድ ዳር ለቆመው ልጅ? መኪናውን ለሠራው ሰው የተለመደ ከሆነ፣ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ለምን አልተናገረም?

ይህ መንቀጥቀጥ ያልታወቀ በሽታ አይደለም። መድኃኒቱ የተፈለገው ከዘጠና ዓመት በፊት ነው። ሞሪስ ኦሊ የተባለው መሐንዲስ በ1930 ከሮልስ ሮይስ ወደ ጄኔራል ሞተርስ ሲሻገር ካጋጠሙት ትልልቅ ችግሮች አንዱ ይኸው ነበር። አንዱ ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ ድፍኑ አክስል ያዘነብላል። አክስሉ ሲያዘነብል ሁለቱም ጎማዎች አብረው ያዘነብላሉ። የሚሽከረከር ጎማ ደግሞ ዘንጉን ሲያዘነብሉት ወደ ጎን መዞር ይፈልጋል፤ የብስክሌት ጎማ በሁለት እጁ ይዞ አሽከርክሮ ያዘነበለ ልጅ ሁሉ ይህን በክንዱ ያውቀዋል። ጎማው ዞረ ማለት መሪው ዞረ ማለት ነው። መኪኖች እየፈጠኑ፣ ባሌስትራው ለምቾት ሲባል እየለሰለሰ፣ ፍሬን ለፊት ጎማም እየተገጠመ ሲመጣ ነገሩ ባሰ። ለዚህ ነው በ1934 ብዙዎቹ የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች የፊት ጎማዎቻቸው እያንዳንዳቸው ለየብቻ እንዲወጡና እንዲወርዱ ሆነው የወጡት። የ1955ቱ ሼቭሮሌ ከዚያም አልፎ በኪንግፒን (ጎማው ሲታጠፍ በሚዞርበት ምሰሶ) ፈንታ ቦል ጆይንት (ኳስ መሰል መጋጠሚያ) ይዞ ነበር የመጣው፤ ለሼቭሮሌ በዚያ ዓመት አዲስ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ያን ቆርጦ አውጥቶ፣ ፋብሪካው መኪናው ከመሠራቱ ከሃያ ዓመት በፊት መተው የጀመረውን መልሶ ማስገባት ነው ሥራው። ማድረግ አይቻልም አልልም። ይቻላል። ግን የተነሣው ነገር የትኛውን ችግር ይከላከል እንደነበር ለገዢው ማን ነገረው? በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው የትኛው ዕቃ ነው ያን ችግር አሁን የሚከላከለው?

«አባቶቻችን እንዲህ ነበር የሚሠሩት» ይባላል። አባቶች ለምን እንዲህ እንደሠሩ ተጠይቋል? በ1951 ዋሊ ፓርክስ የመሠረተው የአሜሪካ ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበር ለነዚህ መኪኖች ምድብ ሲያወጣ፣ ከፊት የነበሩት ብዙዎቹ የ1930ዎቹና የ1940ዎቹ መጀመሪያ ዊሊሶች ነበሩ። ከስመ ጥሮቹ አንዱ የስቶን፣ ዉድስና ኩክ ቡድን ነው። ፍሬድ ስቶንና ቲም ዉድስ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፣ ሾፌሩ ዳግ ኩክ ነጭ፤ በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሦስቱ ስማቸውን አንድ በር ላይ ጽፈው መሽቀዳደማቸው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። መኪናቸው የ1941 ዊሊስ ነበረ። ዊሊስ ግን ከፋብሪካው ሲወጣም የፊት አክስሉ ድፍን ነበር፤ ባሌስትራውም ከፋብሪካ የመጣ ነው። አንድም ነገር ወደ ኋላ አልተመለሰበትም። የዊሊስን ታሪክ አንሥቶ ለሼቭሮሌ ምስክር ማድረግ እንዴት ሆኖ ነው «ለዘመኑ ታማኝ» የሚባለው?

ለነገሩ በዚያ ዘመን ሼቭሮሌ ላይም የገጠሙ ነበሩ። ምክንያት ነበራቸው፤ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ አፍንጫውንም ያነሣል። አፍንጫው ሲነሣ መኪናው ሲወረወር ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማዎች ይሄዳል ተብሎ ይታመን ነበር። የዘመኑ የኋላ ጎማ ደካማ ስለነበር ትንሿም ክብደት ትፈለግ ነበር። ምን ያህል ክብደት? ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና እንውሰድ። በፊትና በኋላ አክስሉ መካከል ያለው ርቀት የ1955ቱ ሼቭሮሌ ልክ፣ 2.92 ሜትር ይሁን። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር፣ ፍጥነት አጨማመሩ የስበት ኃይል 80 በመቶ ይሁን። ወደ ኋላ የሚሄደው 247 ኪሎ ያህል ነው። አፍንጫውን አንሥተን ማዕከሉን ወደ 67 ሳንቲ ሜትር ብናወጣው 275 ኪሎ ይሆናል። ልዩነቱ 28 ኪሎ አካባቢ ነው። አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላም፤ ሩቡን ትንሽ ያልፋል።

ለ28 ኪሎ፣ ለ402 ሜትር፣ ለጥቂት ሰከንድ። ሾፌሩ የራስ ቁር አድርጎ፣ ሜዳው ተዘግቶ፣ ከሩጫ ሩጫ መካከል መካኒኩ ከሥሩ ገብቶ እየፈተሸ። ያ ነበር ዋጋና ጥቅሙ የተመዛዘነበት ቦታ። ዛሬ መኪናው ወደ ቡና ቤት የሚሄድ ከሆነ ያ 28 ኪሎ ምን ያደርጋል? ጥቅሙ ሜዳው ላይ ቀርቶ ዋጋው ብቻ ወደ መንገድ ሲወጣ፣ ይህን ለገዢው በግልጽ የሚነግረው ማን ነው?

ማስታወስ የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የሆት ሮድ ማኅበሩ በዚያ ዘመንም ልጓም ነበረው፤ የሞተሩ ዋና ዘንግ ማዕከል ከመሬት 24 ኢንች፣ ማለትም 61 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ማለፍ አይችልም ነበር። ከፍታ አደጋ እንዳለው በውድድር ሜዳም ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በየትርኢቱ ከቆሙት ስንቶቹ ናቸው ይህን ልክ የሚጠብቁት? «እንደ ድሮው» ብለው ከሚሸጡት መካከልስ ሜትር ይዞ ከሞተሩ ሥር የገባ አለ?

አሁን ወደ ዋናው እንግባ፤ ወደ ካስተር። ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ምሰሶ፣ ኪንግፒኑ፣ የላይኛው ጫፉ ወደ ኋላ ዘንበል ማለት አለበት፤ ካስተር የሚባለው ይህ ዝንባሌ ነው። የብስክሌት ሹካ ዘንበል ያለው ለዚሁ ነው፤ እጅ ቢለቁት እንኳ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያ ዝንባሌ ያግዘዋል። ለጋሰር አክስል በተለምዶ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ይባላል። ብዙው የመግጠሚያ ወረቀትም አንድ ቁጥር ይጽፋል። የወዳጄ ወረቀት 6 ይላል።

6 ዲግሪ ከምን አንጻር? ከመሬት? ከሻንሲው? ሻንሲው እንዴት ቆሞ? ሞተሩ ገብቶ ነው ወይስ ሳይገባ? ነዳጅ ሞልቶ? ሾፌሩ ተቀምጦ? ወረቀቱ ላይ ከነዚህ አንዱም የለም።

ለምን እንደምጠይቅ ላሳይ። መኪናው ከጎን ሲታይ ረጅም ጣውላ ነው። አፍንጫው በ15 ሳንቲ ሜትር ቢነሣ፣ ጣውላው በ2.92 ሜትር ርዝመት ላይ ወደ 3 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ያጋድላል፤ ከሻንሲው ጋር የታሰረው ኪንግፒንም አብሮ 3 ዲግሪ ያገኛል። ጥሩ። ቢወርድስ? ኋላው ቢነሣስ? ያገኘውን ይመልሳል። በወዳጄ መኪና ላይ የሆነው ይኸው ነው። የባሌስትራው መያዣ የተበየደው ሻንሲው ባዶውን ቆሞ ነው። ከዚያ ሞተሩ፣ ራዲያተሩ፣ ባትሪው፣ የፊት ቆርቆሮው ሁሉ ሲጫን ባሌስትራው ተኝቶ አፍንጫው 5 ሳንቲ ሜትር ወረደ። ኋላው ደግሞ ለመልኩ ተብሎ ትልልቅ ጎማ ተደረገለትና 5 ሳንቲ ሜትር ተነሣ። በድምሩ 10 ሳንቲ ሜትር፤ 2 ዲግሪ ገደማ። መኪናውን በሙሉ ክብደቱ፣ ሰው አስቀምጠን፣ ደልዳላ መሬት ላይ ስንለካው ወረቀቱ ላይ ያለው 6 መሬት ላይ 4 ሆኖ አገኘነው።

ይህን ለመለካት የፈጀብን ጊዜ አንድ ሰዓት አይሞላም። የገጠሙት ሰዎች ያን አንድ ሰዓት ለምን አጡ? ከብየዳው በፊት ክብደቱን ለምን አልጫኑበትም? ጎማው ተቀይሮ ሲሄድ «ተመልሰህ አስለካ» ያለው ሰው ነበር? በሽያጩ ደረሰኝ ላይ «ተስተካክሏል» የሚል ቃል አለ። ምን ተብሎ፣ በስንት፣ በማን እጅ?

አራት ዲግሪም ቢሆን በጸጥታ ያስኬድ ይሆናል። ጸጥታው ግን ፍሬን ሲያዝ ያበቃል። ፍሬን ሲያዝ ጎማው አክስሉን ይዞ ወደ ፊት ሊገለብጠው ይፈልጋል። የሚይዘው ባሌስትራው ብቻ ነው። ባሌስትራው ለስላሳ ከሆነ፣ ለመልኩና ለምቾቱ ተብሎ ቅጠሎቹ ከተቀነሱ፣ እንደ ኤስ ፊደል ይጠመዘዛል፤ የኪንግፒኑም ጫፍ ወደ ፊት ይሄዳል። ዝንባሌው የሚቀንሰው መኪናው በጣም በሚፈልገው ሰዓት ነው። ድልድዩ ላይ ከአራቱ ስንት ቀርቶ ነበር? ሁለት? አንድ? ወዳጄ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ማወቅ የነበረባቸው ሸጠው የሄዱት ናቸው። የድሮው ከበሮ ፍሬን ወጥቶ ኃይለኛው የዲስክ ፍሬን ሲገባ ባሌስትራው ላይ የሚያርፈው ጉልበት እንደሚጨምር አልታያቸውም? ፍሬኑን የሸጠውና ባሌስትራውን የሸጠው አንድ ቤት ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱን አብሮ የሞከረ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ አለ? ሞክሮ ከሆነ ውጤቱ የት ተጻፈ?

እነሱ የሚሰጡት መልስ አለ፤ የመሪ አሞርዛተር ግዛ ነው መልሱ። መንቀጥቀጡን የሚያፍን ተጨማሪ አሞርዛተር፣ ለብቻው በተጨማሪ ዋጋ። አሞርዛተሩ ምክንያቱን ያነሣል? ዝንባሌውን ይመልሳል? ያለቀ ኪንግፒን ያድሳል? የላላ ኩሽኔታ ያጠብቃል? አንዱንም አያደርግም። የሚያሰማውን ድምፅ ዝም ያሰኘዋል እንጂ። ታዲያ ዕቃው ትክክል ከሆነ ማፈኛው ለምን አስፈለገ? ትክክል ካልሆነስ ማፈኛውን ለመሸጥ በምን ድፍረት?

የመሪው ዘንግ ሌላው ነው። ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ አንድ ጫፉ ሻንሲው ላይ ነው፣ ሌላው ጫፉ ከአክስሉ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ባሌስትራውም እንዲሁ፤ አንዱ ጫፉ የተቸከለ፣ ሌላው የሚወዛወዝ ማንጠልጠያ ላይ ያለ። ሁለቱ በአንድ ቅስት ካልሄዱ አክስሉ በወጣና በወረደ ቁጥር ዘንጉ ጎማውን ይገፋዋል ወይም ይጎትተዋል። ሾፌሩ መሪውን ሳይነካው መኪናው ይታጠፋል። ስለዚህ ዘንጉ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጋ ከሆነ፣ የመሪ ሳጥኑና የባሌስትራው የተቸከለ ጫፍ በአንድ ወገን መሆን አለባቸው። ሳጥኑ ከአክስሉ ኋላ ሆኖ ባሌስትራው ከፊት ከተቸከለ፣ አንዱ አክስሉን ወደ ኋላ ሲወስደው ሌላው ጎማውን ወደ ፊት ይይዘዋል። ይህን ለማየት መሐንዲስ መሆን ያስፈልጋል? ሁለት ገመድና አንድ ጠመኔ አይበቃም? ታዲያ ከነመያዣው የሚላከው ሣጥን ውስጥ ባሌስትራው በየት በኩል እንደሚቸከል የተወሰነ ሆኖ፣ የመሪ ሳጥኑ «በገዢው ምርጫ» የሚባለው ለምንድን ነው? በገዢው ምርጫ ማለት በገዢው ኃላፊነት ማለት ነው? እንደዚያ ከሆነ በደንብ ይጻፍ።

ዘንጉ ከግራ ወደ ቀኝ በአግድም የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይለወጣል። መሪው ሲዞር ዘንጉ ጎማውን ብቻ ሳይሆን አክስሉን በሙሉ ወደ ጎን ይገፋል። ባሌስትራው በጎን በኩል ይሸሻል። ሾፌሩ ያዞረው መሪ ከፊሉ አክስሉን በማንሸራተት ያልቃል። ይህን የሚከለክል ፓንሃርድ የሚባል አግድም ዘንግ አለ፤ ዋጋው ከአንድ ጎማ አይበልጥም። ርዝመቱና ዝንባሌው ከመሪው ዘንግ ጋር ተቀራራቢ መሆን አለበት፣ ካልሆነ እሱም ራሱ መሪውን ያዛባል። ስንት ጋራዦች ናቸው ይህን ሳይጠየቁ የሚገጥሙት? ያልገጠሙት ረስተው ነው? ወይስ አፍንጫው ሥር ሲታይ መልኩን ያበላሻል ብለው?

የኮርቬየር መኪና የመሪ ሳጥንን እንደወረደ የገጠሙ ሰዎች ደግሞ ወደ ግራ ሲያዞሩ መኪናው ወደ ቀኝ እንደሚሄድ ያወቁት ከብየዳው በኋላ ነው። ሳጥኑ ተፈትቶ ውስጡ መገልበጥ እንዳለበት በሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። በሁሉ ዘንድ ከታወቀ፣ አሮጌውን ሳጥን ሳይገለብጥ ለጀማሪ የሚሸጠው ሰው ምን ብሎ ይሸጠዋል?

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ባሌስትራውን ከአክስሉ የሚያስሩት ዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች አንዴ በሙሉ ጉልበት ከጠበቁ በኋላ ተፈትተው እንደገና አይታሰሩም፤ ተስበዋልና። ለምን ታዲያ ሦስቴ የተፈታ መኪና አሮጌዎቹን ቡሎኖች ይዞ ይወጣል? የመሪ ክንድና ኪንግፒን በክሮም ሲለበጥ ሃይድሮጂን ወደ ጠንካራው ብረት ገብቶ ሳይታሰብ እንዲሰነጠቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ወዲያው በምድጃ ካልተጋገረ። ተጋግሯል የሚል ወረቀት የሰጠ ለባጭ አለ? የፍሬን ቱቦውስ አክስሉ ጨርሶ ሲወርድ ይደርሳል? መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ ጎማዎቹን አንጠልጥሎ፣ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙሮ ያየ አለ? ያገሬ ሰው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

ማን ያያል ታዲያ? አሜሪካ ውስጥ የመኪና ምርመራ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ብዙ ግዛቶች ውስጥ በየጊዜው የሚደረግ የደህንነት ምርመራ የለም፤ ቴክሳስም ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ለግል መኪኖች አስቀርታዋለች። ምርመራ ባለበትም ቦታ «ታሪካዊ» የሚል ሰሌዳ የያዘ መኪና ብዙ ጊዜ ከምርመራ ነፃ ነው። አንዳንድ ቦታ ሰሌዳው የሚሰጠው መኪናው ሲሠራ እንደነበረ ነው ተብሎ ነው። ሻንሲው ተቆርጦ፣ የፊት እግሩ በሙሉ ተለውጦ፣ መሪው ከሌላ መኪና መጥቶ፣ የቱ ላይ ነው እንደነበረ የሆነው? አዲስ አበባ ውስጥ ቦሎ ለማሳደስ የተሰለፈ ሰው ቢያንስ ፍሬኑ ይታይለታል። አሜሪካ ውስጥ የተበየደ አክስል ይዞ አውራ ጎዳና የሚወጣውን ማን ጠየቀው?

ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ወረቀት አለ፤ «ለውድድርና ለትርኢት ብቻ» ይላል። ፎቶው ላይ ግን መኪናው የሚታየው በከተማ መንገድ፣ በሰሌዳ፣ የትራፊክ መብራት ሥር ነው። የትኛውን እንመን? ለውድድር ብቻ ከሆነ የመንገዱን ፎቶ ማን አነሣው? ለመንገድ ከሆነ ወረቀቱን ማን ጻፈው? ሁለቱን ባንድ ሣጥን የሚያሽግ እጅ፣ አንዱ ለመሸጫ ሌላው ለፍርድ ቤት መሆኑን አያውቅም?

ለመልስ የሚቀርበው ሌላው ክርክር «በሺህ የሚቆጠሩት በሰላም ይነዳሉ» የሚል ነው። እስማማለሁ፣ በሰላም የሚነዱ አሉ። አንዱን አውቀዋለሁ፤ አንድ እጅ ለቆ በአውራ ጎዳና የሚሄድ። ሠሪው አራት ወር ፈጀበት። ባሌስትራውን ሦስት ጊዜ አስቀይሮ ክብደቱን ለክቶ አስመጣ። ሻንሲውን ከመበየዱ በፊት በሞተሩ ክብደት ልክ ጆንያ አሸዋ ጫነበት። መጀመሪያ ያስቀመጠው ነገር ጎማዎቹን ነው፣ በሚቆምበት ከፍታ፤ ከዚያ አክስሉን፣ ከዚያ የመሪውን ዘንግ፣ መጨረሻ ላይ ብየዳውን። የፊት ጎማዎቹ በፊት ጠርዛቸው ከኋላ ጠርዛቸው ይልቅ ሦስት ሚሊ ሜትር እንዲቀራረቡ አድርጎ በየወሩ ይለካቸዋል። ይህ ሰው የሚያረጋግጠው አክስሉ ጥፋተኛ አለመሆኑን ነው። ታዲያ የእሱ አራት ወር የሁለት ቀኑ ማስታወቂያ ምስክር ሆኖ የሚቀርበው እንዴት ነው? በሰላም የሚነዱት ሲቆጠሩ የሚንቀጠቀጡትስ ተቆጥረዋል? ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሰው የቆሙትስ? ባለቤቱ ፈርቶ የሸጣቸውስ?

ይህን ሁሉ የምጠይቀው መልኩን ስለጠላሁት አይደለም። የ1955 ሼቭሮሌ አፍንጫውን አንሥቶ ሲቆም አምሮ የታየኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። የምጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። መኪናው በሙሉ ክብደቱ ሲቆም ከመሬት እስከ ሻንሲው ከፊት ስንት፣ ከኋላ ስንት። በዚያ አቋም ካስተሩ በግራ ስንት፣ በቀኝ ስንት። የመሪ ሳጥኑ የት፣ የባሌስትራው ችካል የት። ፓንሃርድ አለ ወይስ የለም። ፍሬን በኃይል ተይዞ የተሞከረበት ፍጥነት ስንት። የለካው ሰው ስም፣ ፊርማ፣ ቀን። ከሠሪው የሚጠበቀው ይህ ብቻ ነው። አንድ ገጽ መጻፍ የከበደው ማን ነው? ለምን?

ወዳጄ የገጠመለትን ጋራዥ ሁለት ጊዜ ደውሎ ጠይቋል። በመጀመሪያው «አምጣውና እናየዋለን» አሉት። ወስዶ ሦስት ሳምንት አቆመው፤ የመሪ አሞርዛተር አስገብተው ከነሒሳቡ መለሱለት። በሁለተኛው ጊዜ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስትገጥሙት ካስተሩን የለካችሁት ሞተሩ ገብቶ ነው ወይስ ሳይገባ? ስልኩን ያነሣው ሰው ጠይቄ ልመለስ አለው። መኪናው ዛሬም ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ከፊቱ በሁለት ክሪክ ተነሥቶ፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው።